ከወኔ ባሻገር፦ ሥነ ልቦና በስፖርትና በአትሌቶች ዕድገት ያለው ድርሻ

(በልደታ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ፣ በፋኩልቲው አዳራሽ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ወደዚህ አዳራሽ ስመጣ በልደታ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አይቼ ጥቂት ቆምኩ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። አሥር ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ባዶ ጎል ስቶ ኳሷን ከቆሙት መኪኖች ሥር ሰደዳት። ጓደኞቹ ጮኹበት። እሱ ግን በደረቱ ተስቦ ኳሷን አወጣና «እንደገና!» ብሎ ጨዋታውን አስቀጠለ። ከአሥር ዓመት በኋላ ይኸው ልጅ የክለብ ማልያ ለብሶ፣ በብዙ ሺህ ተመልካች ፊት ያንኑ ዓይነት ኳስ ቢስት፣ «እንደገና» ለማለት ይችል ይሆን? ካልቻለስ በመካከሉ ምን ደረሰበት? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው።

በአገራችን ስፖርተኛ ሲያሸንፍ «ወኔው ነው» እንላለን፤ ሲሸነፍ ደግሞ «ወኔ አጥቶ ነው» እንላለን። ወኔ ያማረ ቃል ነው፤ ልንተወው አይገባም። ነገር ግን እንደ ማብራሪያ ስንወስደው ክብ እንዞራለን። ያሸነፈው ወኔ ስላለው ነው፤ ወኔ እንዳለው የምናውቀው ደግሞ ስላሸነፈ ነው። እንዲህ ያለው አባባል አሠልጣኙ ነገ ማለዳ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። ሥነ ልቦና የሚያደርገው ይህን አንድ ቃል ከፍቶ በውስጡ ያሉትን ነገሮች ለየብቻ መመርመር ነው፤ ትኩረትን፣ በራስ መተማመንን፣ ውጥረትን መቆጣጠርን፣ ተነሣሽነትን፣ ከሌሎች ጋር ያለን ግንኙነት፣ «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ።

ዛሬ ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የአእምሮ ብቃት እንደ እግር ጡንቻ በልምምድ የሚገነባ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ብቃት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻውን አይበቅልም፤ በሰዎች መካከል ይሠራል። ሦስተኛና ለእኔ ዋናው፣ የአትሌት ልማታችን የሚመዘነው በሜዳሊያ ብቻ ሳይሆን ሜዳሊያ ያላገኘው ወጣት በመጨረሻ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሚወጣ ጭምር ነው።

በዋዜማ ምሽት የተፈጸመ ዕቅድ

በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። በዚያ ምሽት የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ የሮምን የኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጽሞ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነ። ታሪኩ ሲነገር ቀድሞ የሚነሣው በባዶ እግር መሮጡ ነው። እኔ ግን ለሥነ ልቦና ተማሪዎች የምነግራችሁ ሌላ ነገር አለ።

አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከውድድሩ በፊት መንገዱን ተመልክተውት ነበር። ወደ መጨረሻው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1937 በፋሺስት ጣሊያን ከአክሱም ተወስዶ ሮም ላይ የቆመው ሐውልት ነበር። ከሐውልቱ እስከ ፍጻሜው የሚቀረው ርቀት ጥቂት ነው። ሁለቱ ያንን ሥፍራ የመለያያ ምልክት አድርገው መረጡት። በውድድሩ ምሽት አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ በዚያ አካባቢ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየው።

ይህን ታሪክ እንደ አገር ኩራት ብቻ ካነበብነው ግማሹን እናጣለን። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ ዓላማን ከግብ በማድረስ ረገድ «አሸንፋለሁ» ከሚለው ጥቅል ምኞት ይልቅ «እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ፣ ይህን አደርጋለሁ» የሚለው የተወሰነ ዕቅድ ብርቱ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱም በድካም ሰዓት አእምሮ አዲስ ውሳኔ ማፍለቅ ይከብደዋል፤ አስቀድሞ የተወሰነውን መፈጸም ግን ይቀለዋል። አበበና ኒስካነን ጽንሰ ሐሳቡ ስም ከማግኘቱ ከብዙ ዓመታት በፊት በተግባር ሠርተውበታል። ወኔ የምንለው ነገር በዚያ ምሽት ምልክት ነበረው፤ ቦታ ነበረው፤ በቅድሚያ የተደረገ ምክክርም ነበረው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ቶኪዮ ሊሄድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ያም ሆኖ ጥቅምት 21 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፎ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መስመሩን ካለፈ በኋላ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያየው ዓለም ሁሉ ተደነቀ። ወደ አበበ ታሪክ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ ትልቁ ትምህርት ያለው ከቶኪዮ በኋላ ነውና።

የትምህርት ዘርፉ አጭር ጉዞ

የስፖርት ሥነ ልቦና ጥናት ብዙውን ጊዜ ከአሜሪካዊው ኖርማን ትሪፕሌት ይጀምራል። ትሪፕሌት እ.ኤ.አ. በ1898 ብስክሌት ጋላቢዎች ብቻቸውን ከሚጋልቡ ይልቅ ከሌሎች ጋር ሲሆኑ እንደሚፈጥኑ አስተዋለ። ቀጥሎ በልጆች ላይ ባደረገው ሙከራ ብዙዎቹ ከሌላ ልጅ ጋር ሲወዳደሩ ሲፈጥኑ፣ አንዳንዶቹ ግን ከመጠን በላይ ተነቃቅተው እንደዘገዩ ተመለከተ። ይህ ሁለተኛው ግኝት ለአሠልጣኞች ከመጀመሪያው የበለጠ ይጠቅማል፤ አንዱን የሚያነሣሣው ጩኸት ሌላውን ያሽመደምደዋል።

ኮልማን ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1925 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ምርምር ቤተ ሙከራ አቋቋመ። ዓለም አቀፉ የስፖርት ሥነ ልቦና ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው በሮም ነው። አበበ በዚያች ከተማ ጎዳናዎች ላይ ከሮጠ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እኛ የዘርፉን ሕያው ማስረጃ ቀድመን አቅርበናል፤ ዘርፉን ለራሳችን አትሌቶች አገልግሎት በማዋል ረገድ ግን ገና ብዙ ይቀረናል።

ድካም የሚኖረው የት ነው?

ሁለት ጥናቶችን ላንሣ። ዊልያም ሞርጋንና ማይክል ፖሎክ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ሥራ የማራቶን ሯጮችን በሩጫ ወቅት ምን እንደሚያስቡ ጠየቋቸው። መካከለኛ ሯጮች ሥቃዩን ለመርሳት ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ነገር እንደሚወስዱ ሲናገሩ፣ ታላላቆቹ ግን ትንፋሻቸውን፣ እግራቸውንና ፍጥነታቸውን በተከታታይ እንደሚያዳምጡ ተናገሩ። ጥሩ ሯጭ ከሰውነቱ አይሸሽም፤ ያዳምጠዋል። ይህ ደግሞ የሚለመድ ነገር ነው።

ሁለተኛው የሳሙኤሌ ማርኮራና የባልደረቦቹ የ2009 ጥናት ነው። 16 ሰዎች በአንድ ቀን ለ90 ደቂቃ ከፍተኛ ትኩረት የሚጠይቅ የኮምፒዩተር ሥራ ሠርተው፣ በሌላ ቀን ደግሞ ለዚያው ያህል ጊዜ ዘጋቢ ፊልም ተመልክተው እስኪደክሙ ድረስ ብስክሌት ጋለቡ። አእምሯቸው በደከመበት ቀን 15 በመቶ ያህል ቀድመው አቆሙ። የልብና የጡንቻ መለኪያዎች ግን ልዩነቱን ሊያስረዱ አልቻሉም። ልዩነቱ ያው ጉልበት የበለጠ ከባድ ሆኖ ስለተሰማቸው ነበር።

ይህን ግኝት ወደ አዲስ አበባ አምጡት። ከገጠር መጥቶ በአንዲት የኪራይ ክፍል ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የሚኖር ወጣት አትሌት አስቡ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሰንዳፋ የሚሄድ መኪና ይጠብቃል። ከዚያ በፊት ግን ሌሊቱን ስለ ቤት ኪራይ ሲያስብ አድሯል፤ ከቤተሰብ «ገንዘብ መቼ ትልካለህ?» የሚል ስልክ ደርሶታል፤ ከማናጀር መልስ እየጠበቀ ስልኩን አሥር ጊዜ ከፍቷል። አሠልጣኙ በሰዓት መያዣው የሚያየው በአምስተኛው ዙር መዘግየቱን ብቻ ነው። «ሰነፈ» ይለዋል። ልጁ ግን መሮጥ የጀመረው ሜዳ ከመድረሱ ከብዙ ሰዓት በፊት ነው። እንግዲህ የአእምሮን ድካም የማይቆጥር የሥልጠና ዕቅድ ግማሽ ዕቅድ ነው።

ሰው በሰው

ስለ አገራችን ሯጮች በውጭ ሲጻፍ ከፍታው፣ ምግቡና ዘረ መሉ ይነሣሉ። ሮበርት ስኮትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ታላላቅ የኢትዮጵያ ረጅም ርቀት ሯጮች በብዛት ከአርሲና ከሸዋ እንደሚወጡ፣ ከሌላው ሰው ይልቅም በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ ይመላለሱ እንደነበር፣ ብዙዎቹም በሩጫ እንደነበር አሳይተዋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ደብተሩን በብብቱ ይዞ በመሮጡ ምክንያት የግራ ክንዱ አያያዝ እስከ መጨረሻው እንደዚያ መቅረቱን ሁላችንም እናውቃለን።

ዳሩ ግን ከፍታው ለሁሉም አንድ ነው፤ መንገዱም እንዲሁ። በቆጂ ያለች አንዲት ልጅ «እኔም እችላለሁ» እንድትል ያደረጋት ምንድን ነው? አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ጽንሰ ሐሳብ በራስ ችሎታ ማመን አራት ምንጮች እንዳሉት ገልጿል፤ ቀድሞ የተገኘ ስኬት፣ የሚመስለንን ሰው ሲሳካለት ማየት፣ የሚታመን ሰው የሚነግረን ቃል፣ የራስ ሰውነት የሚሰጠው ስሜት። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትር አሸንፋ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ስትሆን፣ በቆጂ ውስጥ ሁለተኛው ምንጭ ፈለቀ። የዚያች ከተማ ልጆች ያዩት በአንድ ገበያ፣ በአንድ ጭቃ፣ በአንድ ቋንቋ ያደገች እህታቸውን ነው። ሦስተኛውን ምንጭ ደግሞ ለዓመታት በከተማዋ ታዳጊዎችን ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ይወክሉልናል። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያው መንደር መውጣታቸውን ከፍታ ብቻውን አያስረዳም። ምሳሌና ቃል አብረው ይቆጠራሉ።

አንትሮፖሎጂስቱ ማይክል ክራውሊ ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ኖሮ፣ አብሯቸው ሮጦ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ሯጮቻችን ብቻን መለማመድን እንደ ጉድለት እንደሚያዩት ጽፏል። በእንጦጦ ጫካ ውስጥ ተሰልፈው፣ አንዱ የፊተኛውን እግር እየተከተለ፣ መሪነቱን እየተቀባበሉ ሲሮጡ ያየ ይህን ይረዳል። ከኋላ ያለው ጉልበት ይቆጥባል፤ ከፊት ያለው ኃላፊነት ይሸከማል፤ ነገ ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የሰው ተነሣሽነት ሦስት ፍላጎቶች ሲሟሉ እንደሚዘልቅ ያስተምራሉ፤ በራስ ፈቃድ መሥራት፣ ብቃት እንዳለን መሰማት፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰር። ሦስተኛው በባህላችን ሞልቶ ተርፏል። የመጀመሪያው ግን ይጎድለናል። አትሌቱ የራሱን ዕቅድ እንዲያውቅ፣ ምክንያቱን እንዲጠይቅ፣ አንዳንድ ጊዜም «ዛሬ አመመኝ» እንዲል የምንፈቅድለት ስንቶቻችን ነን?

ሐዘን፣ ውድቀትና ጊዜ

ጥር 2005 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የቀነኒሳ በቀለ እጮኛ አትሌት ዓለም ተካልኝ አብረው ልምምድ ላይ ሳሉ በድንገት አረፈች። እሷም እ.ኤ.አ. በ2003 በ1,500 ሜትር የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮን የነበረች ናት። በዚያው ወር መጨረሻ ቀነኒሳ በቦስተን የቤት ውስጥ 3,000 ሜትር ሲሮጥ ዙር በመቁጠር ተሳስቶ ያለጊዜው ፈጠነና ተሸነፈ። በመጋቢት ግን በፈረንሳይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። በነሐሴ በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ወር በብራሰልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለ።

ይህን ስንሰማ «ጀግና ነው፣ ሐዘኑን ረሳ» ለማለት እንቸኩላለን። በልቡ የነበረውን እኛ ልንናገርለት አንችልም። እንደ ባለሙያ ግን የሐዘን ሰሞን ትኩረትን እንደሚበታትን፣ የታወቀ ተግባር ላይ እንኳ ስሕተት እንደሚያመጣ እናውቃለን። ስለዚህ ዙር የሳተን ሐዘንተኛ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ መቆጣት ዕውቀት የጎደለው ንግግር ነው። በአገራችን ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ያስተዛዝናል፣ እድር ይደርሳል። የስፖርት ተቋሞቻችን ይህን የራሳችንን ጥበብ ከሜዳው በር ላይ ባይተዉት ደስ ይለኛል።

የቅርቡን ደግሞ እንመልከት። የካቲት 2023 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ባተርስት በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ለተሰንበት ግደይ እየመራች ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት ወደቀች፤ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት አልፋት አሸነፈች። ለተሰንበት ለመነሣት የሌላ ሰው ድጋፍ በማግኘቷ ውጤቷም ተሰረዘ። ምስሉ ዓለምን ዞረ። «የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» እንዲሉ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የዘነበውን አስተያየት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከስድስት ወር በኋላ፣ በነሐሴ፣ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትር ጉዳፍ ፀጋይ አንደኛ፣ ለተሰንበት ሁለተኛ፣ እጅጋየሁ ታዬ ሦስተኛ ሆነው ሦስቱንም ሜዳሊያ ለኢትዮጵያ አመጡ። ስድስት ወር ረጅም ጊዜ አይደለም። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚደረገው የማገገም ሥራ በካሜራ ፊት አይታይም፤ እኛ ተመልካቾች ግን ወይ እናግዘዋለን ወይ እናከብደዋለን።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2010 በኒው ዮርክ ማራቶን በጉዳት ሲያቋርጥ ወዲያው ሩጫ ማቆሙን አስታወቀ፤ ብዙ ቀን ሳይቆይ ውሳኔውን ቀየረ። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር ነው። ሽንፈት ገና ትኩስ ሳለ ትልቅ ውሳኔ አይወሰን፤ ማይክራፎንም አይቅረብ።

ስለ መጠበቅም አንድ ቃል ልጨምር። ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ 10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ የ5,000 ሜትሩ ውድድር አመለጠው። በ1976 አገሪቱ በሞንትሪያል ሳትሳተፍ ቀረች። በ1980 በሞስኮ ሁለቱንም ርቀቶች ሲያሸንፍ ስምንት ዓመት ሙሉ ዝግጁነቱን ጠብቆ ነበር። በ2024 በፓሪስ ደግሞ ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ በቦታው ገብቶ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ተጠባባቂ ሆኖ እንደ ተሰላፊ መዘጋጀት ከሁሉ የሚከብድ የአእምሮ ሥራ ነው። ማንም አያጨበጭብለትም። ይህ የሚሳካው አትሌቱ የዕለት ሥራውን ዋጋ ከምርጫው ውጤት ለይቶ መመዘን ሲችል ነው።

ያልጠየቅሁት ጥያቄ

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አሸናፊዎች ነው። አሁን ስለ አንድ ሌላ ወጣት ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት፣ እኔ በሙያው ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ከገጠር መጥቶ በክለብ የታቀፈ አንድ የ19 ዓመት ሯጭ ወደ እኔ መጣ። ጉልበቱን ታምሞ ለወራት አልሮጠም። ስለ ሕመሙ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ ጠየቅሁት። ወረቀቱን ሞላሁ። ለመመለስ የሚረዳውን የግብ ዕቅድ አብረን ሠራን። ተግባቢና ታዛዥ ነበር። ከበር ሲወጣ ዞር ብሎ «መምህር፣ ባልመለስስ?» አለኝ። እኔም ለማበርታት ብዬ «ትመለሳለህ እንጂ! እንዲህ አይባልም» አልኩት። ፈገግ ብሎ ሄደ። ሁለተኛ አልመጣም። ወደ አገሩ ቤት ከመመለስ አፍሮ በከተማው ውስጥ ከሚያውቁት ሁሉ ተሰውሮ መኖሩን ቆይቼ ሰማሁ።

ያ ልጅ የጠየቀኝ የሙያዬን ዋና ጥያቄ ነበር። «ሯጭ ካልሆንኩ ማን ነኝ?» ማለቱ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን እንደ ድክመት ቆጥሬ በማበረታቻ ቃል ዘጋሁበት። ብሪተን ብሩወርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 የአትሌት ማንነት ብለው የጻፉበትን ጉዳይ በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ በፊቴ ሲቆም ግን አላወቅሁትም። ሙሉ ማንነቱን በአንድ ተግባር ላይ የጣለ ሰው ሲሳካለት ኃይለኛ ነው፤ ያ ተግባር ሲቆም ግን ቤቱ በአንድ ምሰሶ የቆመ ይሆንበታል።

አሁን ወደ አበበ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ በጉዳት አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። በቀጣዩ ዓመት በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእግሩ ዓለምን ያስደነቀ ሰው እግሩን አጣ። ሕክምናውን በእንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሲከታተል የቀስት ውርወራና የጠረጴዛ ቴኒስ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ጨዋታዎች ተወዳደረ። በ1971 ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ የመንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1973 እስኪያርፍ ድረስ ስፖርተኛ ነበር። ከሮም ይልቅ ይህን የሕይወቱን ክፍል ለታዳጊዎቻችን ብንነግራቸው፣ «ሯጭ» ከሚለው ስም የሰፋ ሰውነት እንዳለ እናስተምራቸው ነበር። ይህ እንዲሆን ግን አበበ ሐኪሞች፣ መሣሪያና ተቋም በዙሪያው ነበሩት። ያ የ19 ዓመት ልጅ አንድም አልነበረውም።

ምን እናድርግ?

ከዚህ በመነሣት አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

የመጀመሪያው የአሠልጣኝ ቃል ነው። አብዛኛው የሥነ ልቦና ሥራ የሚሠራው በባለሙያ ቢሮ ሳይሆን በሜዳ ዳር ነው። «አንተ አትረባም» የሚለው ቃል ስለ ሰውየው ነው፤ «ሦስተኛው ዙር ላይ ቀድመህ ወጣህ» የሚለው ግን ስለ ሥራው ነው፤ ሊታረም ይችላል። የአሠልጣኝነት ኮርሶቻችን ስለ ፍጥነትና ስለ ጽናት እንደሚያስተምሩ ሁሉ ስለ ንግግርም በተግባር ያስለምዱ።

ሁለተኛው የታዳጊ ዕድሜ ነው። ካናዳዊው ዣን ኮቴ ልጆች አስቀድመው በልዩ ልዩ ጨዋታ እንዲያልፉ፣ ወደ አንድ ስፖርት ቀስ በቀስ እንዲጠብቡ ይመክራል። እኛ ግን ልጅ አንድ ውድድር ሲያሸንፍ ትምህርቱን ገታ አድርጎ ቤተሰቡን እንዲያስተዳድር እንጠብቃለን። ትምህርት ለአትሌት ከሩጫ የሚሰረቅ ጊዜ አይደለም፤ የቤቱ ሁለተኛ ምሰሶ ነው። የልደታን የመሳሰሉ ሰፈሮች ሲታደሱም ለልጆች መጫወቻ የሚቀረው ስፋት የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። ያለ ዳኛና ያለ ሜዳሊያ የሚጫወቱበት ቦታ ከሌለ «እንደገና» ማለትን የት ይለማመዳሉ?

ሦስተኛው የአእምሮ ጤና ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የጋራ መግለጫ የታላላቅ አትሌቶች የአእምሮ ጤና ከአካላዊ ጤናቸው ተለይቶ ሊታይ እንደማይገባ አስታውቋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ አሜሪካዊቷ ሲሞን ባይልስ በቶኪዮ ከውድድር ራሷን ስታገል ዓለም ጉዳዩን በግልጽ ተነጋገረበት። በእኛ ዘንድ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ መሄድ አሁንም እንደ እብደት ወሬ ይናፈሳል። ስለዚህ ባለሙያው ከልምምዱ መጀመሪያ ጀምሮ እንደ ፊዚዮቴራፒስቱ በቡድኑ ውስጥ ይታይ፤ ችግር ሲመጣ ብቻ የሚጠራ እንግዳ አይሁን። አትሌቱ የነገረውም ምስጢር ይሁን። ለአሠልጣኝ ወይም ለመራጭ የሚደርስ ምስጢር ሁለተኛ አይነገርም።

አራተኛው የእኛ የቤት ሥራ ነው፤ የዩኒቨርሲቲዎች። የምንጠቀምባቸው መጠይቆች በሌላ አገር ተዘጋጅተው የተተረጎሙ ናቸው። በአፋን ኦሮሞ የሚያስብ አትሌት በአማርኛ በተተረጎመ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ስለ ጭንቀቱ ሲጠየቅ የምናገኘው መልስ ስለ ትርጉሙ እንጂ ስለ ልቡ ላይሆን ይችላል። አትሌቶቻችን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ድካምን፣ ፍርሃትንና ተስፋን በምን ቃል እንደሚገልጹ ከመመዝገብ እንጀምር። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ሜዳው ክፍት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ሥነ ልቦና የሌላ ነገር መሸፈኛ መሆን የለበትም። ደመወዙ ያልተከፈለውን አትሌት «ተነሣሽነት» እናስተምርህ፣ ተርቦ የሚሮጠውን «አስተሳሰብህን ቀይር» ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ እንጀራው፣ ሐኪሙና ፍትሑ ይሟላ። የእኛ ሙያ ከእነዚህ ጋር ይቆማል እንጂ በእነርሱ ፋንታ አይቆምም።

ክቡራንና ክቡራት፤ ንግግሬን የጀመርኩት «እንደገና!» ባለው ልጅ ነው። ልጁ ይህን ቃል ከማንም አልተማረውም፤ ይዞት ነው የመጣው። የአሠልጣኝ፣ የመምህር፣ የወላጅና የተመልካች ሥራ ይህን ቃል ልጁ ላይ መትከል ሳይሆን አለመንጠቅ ነው። አድጎ ሜዳሊያ ካመጣ ከእርሱ ጋር እንጨፍራለን። ካላመጣና አንድ ቀን በር ላይ ዞር ብሎ «ባልመለስስ?» ብሎ ከጠየቀን ደግሞ እኔ ያን ጊዜ እንዳደረግሁት አፉን አንዝጋው። «ግባ፣ ተቀመጥ፤ እስቲ እንነጋገር» እንበለው።